በረኪናውን አስቀምጡት፣ ውሃ አፍሉ፦ ስለ ራኩን ዓይነ ምድር የምሰማቸው ስህተቶች

ሥራዬ ሰው ቤት የገባ አውሬ ማስወጣትና ያበላሸውን ማጽዳት ነው። የምሠራው ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሆን፣ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ስኩዊረል አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ፣ አይጥማ ተዉት። ስልኬን ደጋግሞ የሚያስጮኸው ግን ራኩን ነው። ያ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ሌሊት የቆሻሻ በርሜል ከፍቶ የሚበላ እንስሳ።

ራኩኑ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ እኔ ከመድረሴ በፊት ባለቤቱ የሠራው ሥራ ነው። በየቤቱ ያው ንግግር፣ ያው ስህተት። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። ብዙ ራኩኖች አንጀታቸው ውስጥ ባይሊስአስካሪስ ፕሮሲዮኒስ የሚባል ትል አለ። ራኩኑን ያን ያህል አያሳምመውም። ትሉ ግን እንቁላል ይጥላል። ትል ያለበት አንድ ራኩን በቀን ሚሊዮኖች እንቁላሎችን ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊያወጣ ይችላል። በዓይን አይታዩም። ሰው የሚያዘው እንቁላሉን ሲውጥ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ፣ ከአፈር ወደ አፍ። በሰው ላይ በሽታው ብርቅ ነው፣ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። ሲይዝ ግን ክፉ ነው።

«የውሻ ይሆናል፣ ምን ይታወቃል?»

ሊመስል ይችላል። ቦታውን እዩ። ራኩን እንደ ውሻ ባገኘበት አይጥልም፣ አንድ ቦታ መርጦ እዚያው ይመላለሳል። የደክ (የእንጨት በረንዳ) ጥግ፣ የማገዶ ክምር፣ የዛፍ ሥር፣ የጋራዥ ጣሪያ፣ አቲክ (ከኮርኒሱ በላይ ጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ቦታ)። አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከሥር ተከምሮ ታገኙታላችሁ። በበጋ ደግሞ ውስጡ የፍሬ ዘር ይበዛዋል። የእንጆሪ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ያየሁት አንድ ክምር ሐምራዊ ሆኖ ነበር።

«በረኪና አፍስሼበታለሁ፣ አታስብ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄኛው ነው።

እኛ በረኪና እንወዳለን። ሽንት ቤቱ በበረኪና፣ ወለሉ በበረኪና፣ ነጭ ነጠላው በበረኪና። ከኮሮና ወዲህማ ፍቅሩ ብሶበታል። በረኪና ለባክቴሪያና ለቫይረስ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ይሄን እንቁላል ግን አይገድለውም። እንቁላሉ ወፍራም ሽፋን አለው፤ ላዩ ደግሞ እንደ ተልባ ውሃ ያጣብቃል። ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። በረኪና ቢበዛ ያንን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ውስጡ ያለው እጭ ግን ደህና ነው። እናንተ ገደልነው ስትሉ፣ ከተለጠፈበት አላቃችሁ ሌላ ቦታ ወሰዳችሁት ማለት ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ማጽዳቱን ጨርሼዋለሁ፣ አንተ ከደኩ ሥር የሚገባበትን ቀዳዳ ብቻ ድፈንልኝ» አሉኝ። ደኩ ጥግ ላይ እንጨቱ ነጥቷል። ሁለት ባዶ የበረኪና ጋሎን ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ያጠቡበት ውሃ በሳንቃዎቹ መሀል ወርዶ፣ የልጅ ልጃቸው የአሸዋ መጫወቻ ውስጥ ገብቷል። አሸዋው መሀል ትንሽ ቢጫ አካፋ ተሰክታለች።

«እማማ፣ እዚህ ማን ይጫወታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው ያጸዳሁት» አሉ።

አሸዋው በሙሉ በላስቲክ ታስሮ ተጣለ። ደኩን በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። «እንጨቱ አይበላሽም?» ይሉኛል አጠገቤ ቆመው። እንጨቱንስ በረኪናው ቀድሞ ጨርሶታል።

እንቁላሉን የሚገድለው ሙቀት ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የሚለውም ይህንኑ ነው። የሚፈላ ውሃ፣ ወይም በፕሮፔን ጋዝ የሚነድ ነበልባል። ነበልባሉን ለደረቅ እንጨትና ለቤት ግድግዳ አልመክርም። ቤት ውስጥማ በጭራሽ! ሌላ ቦታም ቢሆን መጀመሪያ የአካባቢያችሁን እሳት አደጋ ጠይቁ። ውሃው ግን ማንም ቤት አለ። ትልቅ ድስት ጥዱ፣ እየፈላ አውርዳችሁ ወዲያው አፍስሱ። ከወጥ ቤት ተነስታችሁ፣ መንገድ ላይ ስልክ አንስታችሁ፣ ከዚያ የምታፈሱት ውሃ ሞቅ ያለ ውሃ እንጂ የፈላ ውሃ አይደለም። እግራችሁን ጠብቁ፣ ልጆች አይቅረቡ።

አቲክ ውስጥ ደግሞ በረኪና ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ የተጠራቀመ ሽንት አለ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣሉ። መስኮት በሌለው ጠባብ ቦታ፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ያንን መሳብ! እያሳለ በመሰላል የወረደ ሰው አጋጥሞኛል።

«ወስፋት ነው እኮ፣ ሁላችንም ነበረብን»

ይሄኛው ከጎልማሶቹ ነው የሚመጣው። ልክ ነው፣ አገር ቤት ልጅ ሆነን ወስፋት ያልነበረበት ማን አለ? መድኃኒት ተዋጠ፣ ወጣ፣ አለቀ። የራኩኑ ትልም የወስፋት ዘመድ ነው፣ እስከዚህ ትክክል ናችሁ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ወስፋት የሰው ትል ነው። ሰው ውስጥ መንገዱን ያውቃል፤ ዞሮ ዞሮ አንጀት ይገባና እዚያ ይቀመጣል። የራኩኑ ትል የሰው ሰውነት ቤቱ አይደለም። እጩ ከተፈለፈለ በኋላ አንጀቱን በስቶ ይወጣና ይንከራተታል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ዓይን፣ ባስ ሲልም አንጎል። እየሄደም ያድጋል፣ በሄደበትም ያቆስላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ሚዛን መሳት፣ ትኩረት ማጣት፤ ሲከፋ ዓይነ ስውርነትና ራስን መሳት። እንቁላል ሰው ሰገራ ውስጥ ስለማይወጣ፣ የተለመደው የሰገራ ምርመራ አያገኘውም።

በሰው ላይ መጀመሪያ ከተመዘገቡት ሞቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የ10 ወር ሕፃን ነበር። በ2024 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ልጆች በዚሁ ታመዋል። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ሕፃናትና ያገኙትን አፋቸው ውስጥ የሚከቱ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው የአሸዋ መጫወቻ ክዳን ይኑረው እያልኩ የምነዘንዘው።

«ይድረቅና እጠርገዋለሁ»

ተገላቢጦሽ! አሁን የወጣ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው እንቁላል ወዲያው አይዝም። ውስጡ ያለው እጭ እስኪደርስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ያያችሁትን ዛሬ ማንሳት ነው። እስኪደርቅ ስትጠብቁ፣ እስኪበስል እየጠበቃችሁለት ነው።

ሲደርቅ ደግሞ ይቦናል። መጥረጊያ አይነካው። ቫኪዩም አይነካው። ቅጠል መንፊያ ማሽን ያስነሳም ሰው አይቻለሁ፣ ምን ይባላል?

እንዴት ይጸዳል ላላችሁ፦ የሚጣል ጓንት፣ ኤን 95 ማስክ፣ የሚታጠብ የላስቲክ ቦቲ አድርጉ። ቦቲ ከሌለ ጫማውን በሚጣል ሽፋን ሸፍኑ። አቧራ እንዳይነሳ መጀመሪያ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ አርጥቡት። በአካፋ አንስታችሁ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱን ሌላ ከረጢት ውስጥ፣ አጥብቃችሁ አስራችሁ ከቆሻሻው ጋር። ከዚያ ቦታውን በፈላ ውሃ፤ አካፋውንም እንደዚሁ። አፈር ላይ ከሆነ የላይኛውን አፈር ገፋችሁ አብራችሁ ጣሉት።

ቤት ውስጥ የፈላ ውሃ ማፍሰስ አይሆንም፣ ኮርኒሱ ይወርድባችኋል። እዚያ በትኩስ ውሃና በሳሙና የረጠበ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ማለቅለቅ፣ እጣቢውን ሽንት ቤት ደፍቶ ውሃ መልቀቅ፣ ሲያልቅ ስፖንጁን መጣል። የቆሸሸ ኢንሱሌሽን (ቤቱ ሙቀቱን እንዲይዝ አቲክ ውስጥ የሚነጠፈው) አይታጠብም፣ ይወጣል። አቲኩ በሙሉ ተበላሽቶ ከሆነ ለባለሙያ ደውሉ። እኔን ካልወደዳችሁ ለሌላ ሰው። ልብሱን በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ እጃችሁንም በደንብ።

«ክረምት ይገድለዋል»

አይገድለውም። እንቁላሉ የዚህን አገር የክረምት ቅዝቃዜና በረዶ ይችለዋል። አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።

«በእብድ ውሻ በሽታ እንዳንያዝ»

ከዓይነ ምድሩ አይመጣም። ያ በንክሻና በምራቅ ነው። ቀን ለቀን የሚንገዳገድ ራኩን ካያችሁ ግን አትጠጉት፣ ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ።

«ፍግ ነው፣ ለጎመኑ ይሆናል»

የጓሮ ጎመኑን፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን እኔም እወዳለሁ። ይሄ ግን የከብት ፍግ አይደለም። ኮምፖስት ውስጥም አይገባም። ራኩን የተመላለሰበት መደብ ላይ የበቀለ ጥሬ የሚበላ ቅጠል ዘንድሮ ይቅርባችሁ።

«ውሻዬ ምንም አይሆንም»

ውሻ ራሱ ትሉን ሊይዝና እንቁላሉን ግቢ ውስጥ ሊጥል ይችላል። የትል መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

«ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው»

ጀርመን ያላችሁ አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሄሰን ውስጥ ኤደርዜ ሐይቅ አጠገብ ጥቂት ራኩኖች ተለቀቁ። ዛሬ አገሩን ሞልተውታል፣ ካሰል ከተማ ውስጥ ጣሪያ ለጣሪያ ነው የሚሄዱት። ትሉም አብሯቸው አለ።

«ቀዳዳውን ዛሬውኑ ድፈንልኝ»

በጸደይ እንዲህ አትበሉኝ። ያን ጊዜ እናቲቱ አቲክ ውስጥ ወልዳ ሊሆን ይችላል። ግልገሎቹ ውስጥ ቀርተው ቀዳዳው ከተደፈነ፣ እናቲቱ ጣሪያውን ቀዳ ትገባለች፣ ግልገሎቹም እዚያው ሞተው ይሸታሉ። ራሳችሁ አጥምዳችሁ ሌላ ሰፈር ወስዳችሁ መልቀቅም በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ይከለክላል። መጀመሪያ የሚጠራቸውን ነገር አንሱ። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን የሚቆለፍ ይሁን፣ የውሻው ምግብ ውጭ አይደር፣ ከግብዣ የተረፈው እንጀራ ደክ ላይ አይቅር።

«ከታመመ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን»

እስኪታመም አትጠብቁ። ልጅ ዓይነ ምድሩን ወይም እዚያ ያለውን አፈር አፉ ከከተተ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉ። «ራኩን» ብላችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያመጣዋል? ሲዲሲ የሚመክረው መድኃኒት አልቤንዳዞል ነው። አዎ፣ ያው አገር ቤት ለወስፋት የሚሰጠን። ግን እዚህ አንድ ፍሬ ተውጦ አያልቅም፤ ለብዙ ቀናት፣ በኪሎ ተሰልቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከነካካው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ከተጀመረ በሽታውን የማስቀረት ዕድል አለው። እጩ አንጎል ከገባ በኋላ ግን የደረሰውን ጉዳት መድኃኒቱ አይመልስም። ስለዚህ ዓርብ ማታ የሆነ ነገር ለሰኞ ቀጠሮ አይቆይም።