ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ፣ አንድ ወገብ

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሥራ ስብሰባ ላይ ሦስት ኃላፊዎች በየፊናቸው ያዘዙትን በአንድ ቀን ማድረስ ያልቻለ ወጣት ባለሙያ ሲወቀስ ሰማሁ። አንዱ ኃላፊ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት፣ ሌላው የበጀት ማስተካከያውን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የመስክ ጉዞውን ዝግጅት ይጠብቁ ነበር፤ አንዳቸውም ሌላው ያዘዘውን አልጠየቁም። ወጣቱ ይህንኑ ለማስረዳት ሲጀምር ከኃላፊዎቹ አንዱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብለው ንግግሩን ቆረጡት፤ ተሰብሳቢውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ያ የምወደው አነጋገር ያለ ቦታው ገብቶ ጥፋት የሌለበት ሰው ሲመታበት በማየቴ አዘንኩ።

የአነጋገሩ ቁልፍ ያለው «አለኝ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ ያለውን እግር ቆጥሮና በቁጥሩ ተመክቶ፣ ሁለቱንም ዛፍ ለራሱ የተመኘ ሰው ነው «አለኝ» የሚለው። ስለዚህ ተግሣጹ የሚያርፈው በራሱ ምኞት በሚሰቀል ሰው ላይ እንጂ ሌሎች «ውጣ» ብለው ባዘዙት ሰው ላይ አይደለም። ስለ አዛዥ መብዛት መናገር የፈለገ ሰው፣ ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው እንደሌለ የሚናገረውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 24ን ቢያስታውስ ይቀርበዋል፤ ምንም እንኳ የዚያም ቃል ዋና ጉዳይ እግዚአብሔርና ገንዘብ ቢሆኑም።

አመጣጡን በተመለከተ፣ አነጋገሩን ከልጆች ጨዋታ ጋር የሚያያይዝ ሊኖር ይችላል። ልጅ ግን ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ የሚወጣበት ምን ምክንያት አለው? ምክንያት ያለው ማር ቆራጭ ነው፤ እኔም አነጋገሩ ከማር ቆራጮች አፍ እንደ ወጣ አጥብቄ አምናለሁ። በገጠር ቀፎ ከቀርከሃ፣ ከሐረግ ወይም ከዛፍ ልጥ ረዘም ተደርጎ ይሠራል፤ እበት ይለቀለቃል፤ መንጋው መዓዛውን ወድዶ እንዲገባበት በጭስ ይታጠናል፤ ከዚያም ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ይታሰራል። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባና የመስኩ አበባ ሁሉ ንቦቹን ካጠገበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ማሩ ይቆረጣል። ሥራው የሚሠራው ንቦቹ በሚረጋጉበት ምሽት ስለሆነ ቆራጩ የሚወጣው ጭሱን ይዞ፣ ዓይኑ እያነባ፣ ቅርንጫፉን በእግሩ እየዳሰሰ ነው።

የአያቴ ቀፎዎች የተሰቀሉት ቅርንጫፎቻቸው እርስ በርስ በሚነካኩ አንድ ዋንዛና አንድ ሾላ ላይ ነበር። በአንድ የኅዳር ምሽት አጎቴ የዋንዛውን ማር ቆርጦ በገመድ ካወረደልን በኋላ፣ ጭሱ ሳይጠፋበት ለመጨረስ ብሎ አንድ እግሩን ወደ ሾላው ዘረጋ። ነፋስ ነበረ። ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቢበቅሉም ውዝዋዜያቸው አንድ እንዳልሆነ ያወቅሁት በጨረቃ ብርሃን ያንን ሳይ ነው፤ ዋንዛው ወደ እኛ ሲያዘነብል ሾላው ወደ ኋላው ይመለስ ነበር፤ በመካከል ያለው ሰውም እንደ ተወጠረ ጠፍር ይሳብ ነበር። አያቴ ከሥር ሆነው «እግርህ ሁለት ቢሆን ወገብህ አንድ ነው! ውረድና ውጣ!» አሉት። አጎቴም ወረደ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ሾላውንም ወጣ፤ በዚያው ምሽት የሁለቱም ቀፎ ማር ቤት ገባ። አነጋገሩ ሁለተኛውን ዛፍ አልከለከለም፤ የከለከለው ከአንዱ ሳይወርዱ ሌላውን መውጣትን ነው።

ከዚያ ምሽት ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። ቆራጩ ዛፍ ላይ እያለ ከሥር የሚናገረው ገመዱን የያዘው ሰው ብቻ ነበር። እኛ ልጆች ቀርቶ ትልልቆቹ ጎረቤቶች እንኳ ዝም ይላሉ፤ ጭስ ዓይኑን የጋረደው ሰው አንዱ «ወደ ቀኝ» ሌላው «ወደ ግራ» ቢሉት የሚረግጠውን ያጣልና። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ካሳተማቸው 14 የአስተዳደር መርሆች አንዱ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ መሆኑን የሚደነግገው ነው። ይህን መርህ በሥልጠና ስሰማ ወዲያው የታየችኝ በአያቴ እጅ የነበረችው ገመድ ናት።

እንግዲህ አነጋገሩን በሥራ ቦታ መጥቀስ የሚወዱ ኃላፊዎች ከመጥቀሳቸው በፊት ገመዱን ከመካከላቸው ማን እንደያዘ ይነጋገሩ። ሦስት አለቆች ያሉት ሠራተኛ ሦስቱንም ትእዛዝ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ለሦስቱም በአንድነት አቅርቦ «የቱ ይቅደም?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው «ውረድና ውጣ» የተባለውን ምክር መፈጸም እንጂ እምቢተኝነት አይደለም። መልሱን ተነጋግረው መስጠት ግን የእነርሱ ግዴታ ነው፤ ያንን ግዴታ በአባቶች አነጋገር መሸፈን አባቶችንም ሠራተኛውንም መበደል ነው። ያ ወጣት ከስብሰባው የወጣው ሦስቱንም ትእዛዝ እንደታቀፈ ነበር፤ የቱ እንደሚቀድም የነገረው አልነበረም።