«ዳውንስ» ምንድን ነው? ታች የሚመስል የከፍታ ስም

እንግሊዝኛ ስንማር ቀድመን ከምንይዛቸው ቃላት አንዱ «ዳውን» ነው፤ ታች፣ ወደ ታች ማለት ነው። በእንግሊዝ ካርታ ላይ ግን «ሳውዝ ዳውንስ» እና «ኖርዝ ዳውንስ» የሚሉት ስሞች የተጻፉት ከዙሪያቸው ከፍ ብለው በሚታዩ ቦታዎች ላይ ነው። ዳውንስ ሣር የለበሰ፣ አናቱ ዶልዶም ያለ፣ ከነጭ የጠመኔ ድንጋይ የተሠራ ኮረብታማ ምድር ነው። «የደቡብ ዝቅታዎች» ብሎ የሚተረጉም ሰው ትርጉሙን ከሥሩ ይገለብጠዋል።

የቃሉ መነሻ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዱን» ነው፤ ኮረብታ ማለት ነበር። «ኦፍ ዱኔ» ሲሉ «ከኮረብታው ላይ» ማለታቸው ነው። ከኮረብታ የሚነሳ ሰው የሚሄደው ቁልቁል ነውና ሐረጉ እያጠረ መጥቶ አቅጣጫ ጠቋሚው «ዳውን» ተወለደ። ስለዚህ ከሁለቱ ታላቁ ኮረብታው ነው፤ «ታች» የሚለው ትርጉም የመጣው ከእሱ ነው። ያው ሥር በከተማ ስሞች ውስጥም ተሸሽጓል፤ ስዊንደን «የአሳማ ኮረብታ» ማለት ነው፣ በቴኒስ የምናውቀው ዊምብልደንም መጨረሻው ይኸው «ዱን» ነው። መጨረሻው የተመሳሰለ ሁሉ ግን ኮረብታ አይደለም። የክሮይደን መጨረሻ የመጣው ሸለቆ ማለት ከሆነ ሌላ ቃል ነው።

ቃሉን በትክክል ለመያዝ የምድሩን ቅርጽ ማየት ይረዳል። ጠመኔው በክሬቴሺየስ ዘመን፣ ማለትም በዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን፣ ከባሕር ሥር የተከማቸ የደቃቅ ዋቅላሚዎች ቅሪት ነው። ኋላ አፍሪካና አውሮፓ የተቀመጡባቸው የምድር ንጣፎች ሲጋፉ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ መሐሉ ወደ ላይ አበጠ። ያበጠውን ክፍል በረጅም ዘመን ውኃና ውርጭ ጠርበው ወሰዱት። አናቱን በቢላ አግድም የቆረጡት ድፎ ዳቦ አስቡ፤ መሐሉ ለስላሳው ይታያል፣ ዙሪያውን ቅርፊቱ ቆሞ ይቀራል። ሰሜናዊው ቅርፊት ኖርዝ ዳውንስ፣ ደቡባዊው ሳውዝ ዳውንስ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ምድር ዊልድ ይባላል።

ሁለቱም ኮረብታዎች አንድ ጎናቸው ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሌላው ጎናቸው ቀስ ብሎ የሚወርድ ተዳፋት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከብራይተን በስተ ሰሜን ያለው ዲችሊንግ ቢከን ከባሕር ወለል 248 ሜትር ከፍ ይላል። አናቱ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ከእግሩ ሥር ቁልቁለቱ ያዘቀዝቅበታል፤ ወደ ደቡብ ቢዞር ግን ምድሩ በዝግታ እየወረደ ከባሕር ይገናኛል። በኖርዝ ዳውንስ ዳገቱ ወደ ደቡብ ነው። ሁለቱ ኮረብታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ።

በዳውንስ አናት ላይ ወንዝ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ጠመኔው ዝናቡን ስለሚያሰርገው ሸለቆዎቹ እንኳ ደረቅ ናቸው። ዴቭልስ ዳይክ የሚባለው ሸለቆ ጥልቀቱ 100 ሜትር ያህል ነው፤ የተቦረቦረው በበረዶ ዘመን፣ መሬቱ ቀዝቅዞ ውኃ ማስረግ ባቃተው ጊዜ ነው። የሰረገው ውኃ ከዳገቱ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ የቆዩ መንደሮች በዚያ መስመር የተደረደሩትም ለዚህ ነው። እላይ ለበጎች ኩሬ ሲቆፈር ወለሉ በተረገጠ ጭቃ ካልተለሰነ ውኃው አይቆይም። ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደውን የሳውዝ ዳውንስ የእግር መንገድ የሚጀምር ሰው ውኃውን ይዞ ይውጣ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ እርጥብ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

አጭሩ ሣርም በራሱ አልመጣም። ለብዙ መቶ ዓመታት የጋጡት በጎች ናቸው ያኖሩት፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤልማን ግላይንድ በተባለው መንደር ያሻሻለው የሳውዝዳውን በግ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ኮረብታ ነው። አፈሩ ስስና ድኃ በመሆኑ አንድ ተክል ሌላውን አይውጠውም፤ በደህና ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 40 ያህል ዓይነት ዕፅ ይገኛል። ግጦሹ ከቆመ ቁጥቋጦ ይወረዋል፣ ከዚያም ዛፍ። ቁጥቋጦ መመንጠርና በግ ማሰማራት እዚያ እንደ ጥበቃ ሥራ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

ወደ አነጋገሩ ስንመጣ፣ የኮረብታው ስም አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር፣ በትልቅ ፊደልና ከፊቱ «ዘ» ተጨምሮ ይመጣል። «አፕ ኦን ዘ ዳውንስ» የሚለውን «ላይ ታች» ብሎ መረዳት ስሕተት ነው፤ «እላይ ኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ነጠላው «ዳውን» የአንድ ኮረብታ ስም ይሆናል፤ ለምሳሌ ሃርቲንግ ዳውን። «አፕስ ኤንድ ዳውንስ» ግን የሕይወት ውጣ ውረድ ነው፣ ከመሬቱ ጋር አይገናኝም። የአየርላንዱ ዳውን ግዛት ስምም ምሽግ ከሚል የአየርላንድ ቃል የመጣ ነው። ከእንግሊዟ ዲል ከተማ ፊት ለፊት ያለው የመርከብ ማረፊያ ባሕርም «ዘ ዳውንስ» ይባላል፤ በ1639 ሆላንዶችና ስፔኖች የተዋጉት እዚያ ነው። ስለዚህ መርከብ «ዳውንስ ላይ ቆመ» የሚል የታሪክ ጽሑፍ ስለ ኮረብታ አያወራም። በአውስትራሊያ ያለው ዳርሊንግ ዳውንስ በ1827 ስሙን ያገኘ ለም ጥቁር አፈር ነው፤ የተወሰደው ሣራማነቱና ዝግ ያለ ከፍ ዝቅታው እንጂ ጠመኔው አይደለም።

ለትርጉም፣ ስሙን እንዳለ መተው ይሻላል፤ መጀመሪያ ሲነሳ «ሳውዝ ዳውንስ የተባለው የጠመኔ ኮረብታ» ማለት ይበቃል። ተራ ስም ሆኖ ሲመጣ «ሣራማ ኮረብታ» በቂ ነው። «አምባ» አይሆንም፤ አምባ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው። «ወጣ ገባ» ደግሞ የሻከረና ድንጋያማ መሬት ያስመስለዋል። «ሮሊንግ ሂልስ» ለሚለውም «የሚንከባለሉ ኮረብታዎች» የሚል ትርጉም ያጋጥማል። የሚንከባለል ነገር የለም፤ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍ ዝቅ እያሉ የሚከታተሉ ኮረብታዎች ማለት ነው።