የፈርጉሰንን ስም እየጠሩ ሰው ለሚያባርሩ አለቆች

ሥራዬ የድርጅት ኃላፊዎችን ማሰልጠን ነው። ስለ ከባድ ውሳኔ ባነሳን ቁጥር አንዱ እጁን ያወጣና «ፈርጉሰን እኮ ቤካምን ሸኝተውታል!» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ይስማማል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የነበሩት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የሠሩትን ግማሹን ብቻ ይዘን የሰው እንጀራ ላይ እየፈረድን ነው። ስለ እሳቸው የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

«ከመጀመሪያው ጀምሮ አሸናፊ ነበሩ።» አልነበሩም። በኖቬምበር 1986 መጡ። የመጀመሪያ ዋንጫቸው የ1990ው ኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ነው። የእንግሊዝን ሊግ ያሸነፉት በ1993 ነው።

«ቤካም በዚያች ጫማ ጠብ ምክንያት በማግስቱ ተባረረ።» ፈርጉሰን በንዴት በእግራቸው የመቱት ጫማ የኮከባቸውን የዴቪድ ቤካምን ቅንድብ ያገኘው በፌብሩዋሪ 2003፣ በአርሰናል ከተሸነፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤካም መጫወቱን ቀጥሏል፣ ሊጉንም አብሮ አሸንፏል። ወደ ሪያል ማድሪድ የሄደው በጁን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጀግንነቱ ማባረሩ ላይ ነው» የሚለው። ይሄ ነው ቤት የሚያፈርሰው።

በ1995 ዩናይትድ ሊጉን በመጨረሻው ቀን ለብላክበርን አስረከበ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜውንም በኤቨርተን ተሸነፈ። በዚያው ክረምት ፈርጉሰን ፖል ኢንስን፣ ማርክ ሂዩዝንና አንድሬ ካንቼልስኪስን ለቀቁ። ሦስቱም የቡድኑ ምሰሶዎች ነበሩ። ደጋፊው ተቆጣ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፉ የእግር ኳስ ተንታኙ አለን ሀንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ በልጆች ምንም ማሸነፍ አይቻልም አለ። ልጆቹ ግን በዚያው ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ።

ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እነዚያ ልጆች ከየት መጡ? ፈርጉሰን ገና ዋንጫ ሳያነሱ የወጣት ቡድኑን ሲያደራጁ ነበር። ራያን ጊግስ 14 ዓመት የሞላው ዕለት ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደዋል። ቤካም፣ ኒኪ በትና ጋሪ ኔቭል በ1992 የወጣቶች ኤፍኤ ካፕ አሸንፈዋል። ከ1995ቱ ክረምት በፊትም በዋናው ቡድን ተሰልፈው ተፈትነዋል። ኢንስ ሲሄድ ቦታው ባዶ አልነበረም። ከባዱ ሥራ ከስንብቱ በፊት ዓመታት ፈጅቷል።

የማውቀው አንድ አለቃ የሂሳብ ኃላፊውን በስብሰባ መሀል ፈርጉሰንን ጠቅሶ «ከክለቡ የሚበልጥ የለም» ብሎ አሰናበተው። ሰውየው አስቸጋሪ ነበር፣ አልክድም። ግን ተተኪ አልተዘጋጀም። የግብር ወቅት ሲደርስ ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ያባረሩትን ሰው ደውለው ለመኑት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ በስም ጻፉ። ያ ሰው ኃላፊው ዕረፍት ሲወጣ ሥራውን ሸፍኖ ያውቃል? ካላወቀ ገና ናችሁ። ስንብቱንም በር ዘግታችሁ ንገሩት። ሰው ፊት ማዋረድ አመራር አይደለም።

«ሁሉንም በአንድ ዓይን ነበር የሚያዩት።» አጥቂው ኤሪክ ካንቶና ታዲያ? በጃንዋሪ 1995 ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ተመልካች በእግሩ መታ። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ታገደ፣ ቅጣቱንም ተቀበለ። እግር ኳስ በቃኝ ብሎ ፓሪስ ሲገባ ግን ፈርጉሰን እዚያ ድረስ ሄደው አግባብተው መለሱት። የ1996ቱን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ብቸኛ ጎል ሊቨርፑል ላይ ያገባው እሱ ነው። መመሪያው አንድ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ቁጣ ያቃናዋል፣ ሌላው በቁጣ ይሰበራል። ይህን ለይቶ ማወቅ የአለቃው ሥራ ነው።

«ትልቅ መሪ ውሳኔው አይሳሳትም።» በ2001 ተከላካዩን ያፕ ስታምን ለላዚዮ ሸጡ፣ በምትኩ የ35 ዓመቱን ሎረን ብላንን አመጡ። ዩናይትድ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ስታም በ2005 ለኤሲ ሚላን የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ተጫወተ። ፈርጉሰን ስታምን መሸጣቸው ስህተት እንደነበር በኋላ በአደባባይ ተናግረዋል። ሰው ለማባረር የእሳቸውን ስም የሚጠራ አለቃ ይህንንም አብሮ ይጥቀስ።