ሳኦልም በገና ይወድ ነበር

ስለ ሙዚቃ አስተያየት የሌለው አማኝ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ስብከት ዝም የሚሉ አሉ። መዝሙር ሲነሳ ግን ሁሉም ይናገራል። አንዱ «የድሮው ይሻላል» ይላል። ሌላው «የአሁኖቹ ዜማ አላቸው፣ መልእክት የላቸውም» ይላል። ወጣቱ ደግሞ ከአማርኛው ይልቅ የእንግሊዝኛውን ይወዳል። በመሀል አንድ ሰው «ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰዓት በክርክር ያልቃል።

የእኔን ልንገራችሁ። ከዘማሪዎች የተስፋዬ ጋቢሶን ያህል የምወደው የለኝም። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። እስር ቤት ሆኖም መዝሙር መድረስ አላቆመም። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተደብቀው በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ እንደ እሱና እንደ ደረጄ ከበደ ያሉ ዘማሪዎች ድምፅ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ብዙዎችን አጽንቷል። የተስፋዬ መዝሙር አይቸኩልም፣ አይጮህም። ቃሉን ሳትሰማ ዜማውን ብቻ ይዘህ መሄድ አትችልም። እኔ በመዝሙር ውስጥ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ይህንን ነው።

ቃል የሌለው ሙዚቃም እሰማለሁ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ልቤን ያረጋጋዋል። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ብለው ነው። ብዙ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2015 ዓ.ም. አረፉ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ ግን የቅዱስ ያሬድ ዜማ በከበሮና በጸናጽል ታጅቦ ስሰማ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት አይሆንልኝም። የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ደግሞ ሰጪው እግዚአብሔር እንደሆነ አምናለሁ። በተለይ ስለ ተራቡ ወገኖቹ ያንጎራጎረውን ስሰማ እንደዚያ ይሰማኛል።

ምርጫዬ ይህ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። አሁን ወደ አንድ ሙዚቃ ወዳድ ሰው ልውሰዳችሁ፤ ወደ ንጉሥ ሳኦል።

1ኛ ሳሙኤል ከምዕራፍ 16 እስከ 18 ያለውን በአንድ ቁጭታ አንብቡት። በምዕራፍ 16 መጨረሻ ሳኦል ክፉ መንፈስ ያስጨንቀዋል። ባሪያዎቹ መልካም አድርጎ በገና የሚደረድር ሰው እንፈልግልህ ይሉታል። ዳዊት ይመጣል። በገናውን ሲደረድር ሳኦል ያርፋል፣ ደኅና ይሆናል፣ ክፉው መንፈስ ይርቅለታል። ሙዚቃ ኃይል አለው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አይክድም። ብዙ ሰው «ይሄ መዝሙር ፈውሶኛል» ሲል እኔም አምነዋለሁ።

ምዕራፍ 18 ላይ ሁለተኛ ሙዚቃ ይመጣል። ዳዊት ጎልያድን ገድሎ ሲመለስ ሴቶች ከየከተማው በከበሮና በእልልታ ወጡ። ሳኦል ሺህ ገደለ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ እያሉ ዘፈኑ። ግጥሙ አጭር ነው፣ ተቀባብለው የሚሉት ነው፣ ለመያዝም ቀላል ነው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል የተሰራጨው። ምዕራፍ 21 ላይ በጌት የንጉሡ ባሪያዎች ይጠቅሱታል። ምዕራፍ 29 ላይ የፍልስጥኤም አለቆች እንደገና ያነሱታል። ድንበር ተሻግሮ ጠላት አገር የገባ፣ ከዓመታት በኋላም ያልተረሳ ዘፈን ነው። በዛሬ ቋንቋ ሂት ማለት ነው።

ሳኦል ያንን ዘፈን እንደ ማንኛውም ሰው መስማት ይችል ነበር። አገሩ ድል አድርጓል፤ ስሙም በመጀመሪያው ስንኝ ተጠርቷል። እሱ የሰማው ግን ቁጥሩን ነው። ለእኔ ሺህ፣ ለእሱ እልፍ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ያየው ጀመር።

በማግስቱ ዳዊት እንደ ወትሮው በገናውን ይዞ ተቀመጠ። ደርዳሪው አልተለወጠም፣ በገናው አልተለወጠም፣ የሚሰማውም ያው ሳኦል ነው። በዚህ ጊዜ ግን በሳኦል እጅ ጦር ነበረ። ዳዊትን ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው ወረወረው።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ትናንት ያሳረፈው ዜማ ዛሬ ለምን አላሳረፈውም? ዳዊት ቅባቱ አልቆበት ነው? አይደለም፤ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንደነበረ ምዕራፉ ራሱ ይናገራል። የተለወጠው ሰሚው ነው። በልቡ ቅናት ገብቷል፤ ቅናቱን ሊተወው አልፈለገም። በገና ጭንቀትን ሊያስታግስ ይችላል። ሰው ጨብጦ የያዘውን ጦር ግን ከእጁ አያስጥለውም። ያንን ንስሐ ብቻ ነው የሚያስጥለው። ሳኦል ከበገናው ዕረፍትን ወሰደ፤ በገናውን ለሚደረድረው ልጅ አምላክ ግን ልቡን አልሰጠም።

ስለዚህ «ምን ትሰማለህ?» የሚለውን ጥያቄ አልንቀውም። ግን ተከታይ ጥያቄ አለው። ሰምተህ ምን ሆንክ?

እግዚአብሔር ለሕዝቅኤል የነገረውን ተመልከቱ (33፥30-32)። ሕዝቡ ስለ ነቢዩ በየደጁ ያወራሉ፤ ኑ እንስማው ይባባላሉ። መጥተው ፊቱ ይቀመጣሉ። ቃሉን ይሰማሉ፣ አያደርጉትም። ከዚያም ጌታ አንድ ከባድ ነገር ይለዋል፤ አንተ ለእነርሱ ድምፁ እንደሚያምር፣ በገናም አሳምሮ እንደሚደረድር ሰው ሆነህላቸዋል። የነቢዩን ቃል ደስ እንደሚል ዘፈን ሰሙት ማለት ነው። ወደዱት፣ አደነቁት፣ ተነስተው ሄዱ።

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አማኝ ዘፈን ሲሰማ ቢያንስ ይጠይቃል፤ «ይሄ ይገባኛል ወይ?» ይላል። መዝሙር ሲሰማ ግን ጥበቃውን ይጥላል። መዝሙር ስለሆነ ብቻ መንፈሳዊ ነገር ያደረገ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስለ ይቅርታ የሚዘመር ይሰማል፤ ከወንድሙ ጋር ግን ከተኳረፈ ከርሟል። ስለ መስጠት ሲዘመር አልቅሶ፣ ለቤት ሠራተኛዋ ደመወዟን የሚያዘገይ አለ። አሞጽ ምዕራፍ 5 ላይ እግዚአብሔር የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅ ያለው ዘፈን ለሚያዘወትሩ ሰዎች አይደለም። በዓል ለሚያከብሩና መሥዋዕት ለሚያቀርቡ አምላኪዎች ነው። የፈለገው ፍርድ እንደ ውኃ እንዲፈስ ነበር።

ቅዱስ አውግስጢኖስም በዚህ ነገር ተጨንቋል። በሚላን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ እየሰማ እንዳለቀሰ በኑዛዜው ጽፏል። ከዓመታት በኋላ ግን ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ሲነካው በደል እንደሆነበት፣ በዚያ ሰዓት ዝማሬውን ባይሰማ እንደሚመርጥ ይናዘዛል። ያም ሆኖ ዝማሬ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አላለም፤ ለደካማ ነፍስ ስለሚረዳ ይኑር አለ። ይህን ሚዛኑን እወደዋለሁ። ውበትን አልጠላም፤ ውበት ብቻውን እንዲገዛውም አልፈቀደም።

አሁን ወደ ዘፈን ልምጣ፤ ሳልመልሰው ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። ገላትያ 5፥21ን የሚጠቅሱልኝ ወንድሞች አሉ። ጥቅሱን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ዘፋኝነት እዚያ የተሰለፈው ከስካር ጎን ነው። ጳውሎስ እየጠጡ፣ እየጨፈሩ፣ ራስን ለሥጋ ጥሎ መኖርን ነው የሚያወግዘው። እንዲህ ያለው ሕይወት የእግዚአብሔርን መንግሥት አያስወርስም። ወደዚያ ኑሮ የሚጎትት፣ ሴትን እንደ ዕቃ የሚያሳይ፣ ዘርን በዘር ላይ የሚያነሳሳ ዘፈን ደግሞ ሞልቷል። እሱን ዜማው ያምራል ብዬ አልሰማውም፣ ልጆቼም እንዲሰሙት አልፈልግም።

ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ዜማ ሁሉ የአምልኮ መዝሙር አይደለም። ዘኍልቁ 21 ላይ እስራኤል ጉድጓድ ሲያገኙ ለውኃው ዘመሩለት፤ አንተ ምንጭ ሆይ፣ ፍለቅ አሉ። መኃልየ መኃልይ የፍቅር ቅኔ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 1 ላይ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያወጣውን ሙሾ አንብቡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእግዚአብሔር ስም አይጠራበትም። ወዳጁን ያጣ ሰው ለቅሶ ነው። ዳዊት ግን የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ስለዚህ ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ሐዘን በእውነትና በንጽሕና የተዜመ ነገር ሲገጥመኝ «ዘፈን» የሚል ስም ስላለው ብቻ ከርኩሰት አልቆጥረውም። ቅኝቱንም አልከስም። ትዝታም ባቲም አንቺሆዬም በመዝሙርም በዘፈንም ውስጥ አሉ፤ ማንም በብቻው አልገዛቸውም።

ይህን ስል ኅሊናው የከለከለውን ሰው አልገፋም። ሙሉቀን መለሰ ስሙ በሁሉ ቤት የታወቀ ድምፃዊ ነበር። ጌታን ከተቀበለ በኋላ ዘፈንን ተወ፤ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ እስካረፈ ድረስ ወደ ቀድሞው መድረክ አልተመለሰም። በፖሊስ ኦርኬስትራ ዝናን ያተረፈችው ሂሩት በቀለም ድምፅዋን ለመዝሙር ሰጥታ በ2015 ዓ.ም. አርፋለች። ብዙ አድናቂ አዝኖ ይሆናል። እኔ ግን ክብር አለኝ። የሚወዱትን፣ የሚጨበጨብበትን፣ እንጀራም የሆነውን ነገር ስለ ክርስቶስ መተው ቀላል አይደለም። አንድ ዘፈን ወደ አሮጌው ሕይወትህ በር የሚከፍትብህ ከሆነ፣ ለሌላው ንጹሕ መሆኑ ለአንተ ምንም አይፈይድም። ዝጋው። ለማንም ማስረዳት የለብህም፤ ያልዘጋውንም አትፍረድበት። ሮሜ 14 ለዚህ የተጻፈ ነው።

ስለ ራሳችን መዝሙር ደግሞ አንድ ሸክም አለብኝ። ጠላቴ አፈረ፣ የጠሉኝ አዩኝ፣ ከፍ ከፍ አልኩ የሚሉ መዝሙሮች በዙ። መዝሙረ ዳዊትም ስለ ጠላት ይናገራል፣ አውቃለሁ። ግን እስቲ ልብ በሉ፤ ጉባኤው እጁን አንስቶ «ጠላቴ» ሲል በየልቡ ማን ይመጣል? ሰይጣን? ወይስ ጎረቤት፣ አማት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገረው ሰው? የሳኦልን ቁጥር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየቆጠርን እንዳይሆን እፈራለሁ። ለእኔ እልፍ፣ ለእሱ ሺህ። እንዲህ ያለ መዝሙር እየዘመረ የሚያድገው ወጣት ወንድሙ ሲባረክ እንዴት ደስ ይለዋል?

ሐዘንተኛውስ? ባለፉት ዓመታት በጦርነት ቤቱን የጣለ፣ ልጁን የቀበረ፣ ተፈናቅሎ ከተማ የገባ ሰው በጉባኤያችን መሀል ተቀምጧል። አምልኮው ከመጀመሪያው ደቂቃ በጭብጨባ ይጀምርና በጭብጨባ ያልቃል። እሱ የት ይግባ? መዝሙር 88 በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። እግዚአብሔር እሱንም በመጽሐፉ አስቀምጦታል። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ እስር ቤት በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ ጀርባቸው በግርፋት ቆስሎ ነበር፤ እስረኞቹም ያዳምጧቸው ነበር ይላል። ከቁስል ውስጥ የወጣ ዝማሬ እስረኛ ሰሚ አገኘ። የተስፋዬ መዝሙሮች ዛሬም የሚሰሙት ለዚህ ይመስለኛል።

ኤፌሶን 5፥19 ደግሞ በመዝሙር እርስ በርሳችን እንድንነጋገር ያዘናል። ስፒከሩ ከፍ ብሎ የጎናችን ሰው ድምፅ ካልተሰማን ከማን ጋር ተነጋገርን? ሙያን አልቃወምም። 1ኛ ዜና 25 የእግዚአብሔርን ዝማሬ የተማሩና ብልሃተኞች የሆኑ 288 ሰዎችን ይቆጥራል። ኪቦርዱም ጊታሩም በደንብ ይጠና። የጉባኤው ድምፅ ግን አይዋጥ።

ወጣቶች «ፕሌይሊስቴን ላጥፋው ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንድ ነገር ሞክሩ። በጣም የምትወዱትን መዝሙር ግጥም ያለ ዜማ ወረቀት ላይ ጻፉትና አንብቡት። ምን ብላችሁ ለጌታ ቃል እንደገባችሁ ታያላችሁ። ሁሉን ትቼ እከተልሃለሁ ይላል? ይቅር ብያለሁ ይላል? ያንን በዚህ ሳምንት በስሙ ለምታውቁት ሰው አድርጉት። ከዚያ ዘፈኖቻችሁንም በዚያው መንገድ ጻፏቸው። ወረቀት ላይ ስታዩአቸው አንዳንዶቹን ራሳችሁ ታጠፏቸዋላችሁ።

አምልኮ የምትመሩ ደግሞ በሚመጣው እሁድ መዝሙር 13ን ከፊት አንብቡልን። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ዳዊት «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ለእግዚአብሔር እዘምራለሁ የሚለው መጨረሻው ቁጥር ላይ ደርሶ ነው። ኪቦርዱን ቀስ አድርጉና ለጉባኤውም እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ጊዜ ስጡት።