የክንድ ነርቭ ጥልፍልፍ ብግነት ምንድን ነው?

ክንዳችንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት አከርካሪ የታችኛው ክፍልና ከደረት አከርካሪ መጀመሪያ በአምስት ዘርፍ ወጥተው፣ በአንገትና በብብት መካከል እንደ ሹሩባ ከተጠላለፉ በኋላ እንደገና ተከፋፍለው እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳሉ፤ ሐኪሞች ይህን ጥልፍልፍ «ብራኪያል ፕሌክሰስ» ይሉታል። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰብ ለምደናል እንጂ፣ ሕያው አካል በመሆኑ የሚመግቡት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት። የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ሲቆጣና ሲያብጥ (ብግነት የሚባለው ይኸው ነው) መተላለፊያቸው ይጠብባል፣ ደም ያጥራል፣ ነርቩም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1948 ፓርሰኔጅና ተርነር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች 136 ሕሙማንን መሠረት አድርገው የገለጹት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሕመም የዚህ ጥልፍልፍ ብግነት ነው። ብዙ ጊዜ ሌሊት በድንገት በትከሻ ላይ በብርቱ ሥቃይ ይጀምራል፤ ተራ ማስታገሻ እምብዛም አይመልሰውም። እኛ ዘንድ «ብርድ መታኝ» ተብሎ ወደ ወጌሻ የሚያስኬደው ዓይነት ነው፤ ሆኖም መታሸት የነርቭን ብግነት አያበርድም። አሳሳቹ ነገር፣ ሕመሙ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ጋብ ሲል ሰውየው «ተሻለኝ» በሚልበት ሰዓት የጡንቻ ድካሙ ብቅ ማለቱ ነው። ግድግዳ ሲገፋ የትከሻው ሰፊ አጥንት እንደ ክንፍ ከጀርባው ይነሣል፤ ወይም አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ክብ ልሥራ ሲል የጣቶቹ ጫፍ መታጠፍ ስለሚያቅተው ክቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከመነሻዎቹ መካከል ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድና ከባድ የጉልበት ሥራ ይገኙበታል። ከአንዳንድ ሕሙማን ነርቭ በተወሰደ ናሙና ላይ በትናንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ የብግነት ሕዋሳት ታይተዋል።

ከዚህ መለየት ያለበት መላ ሰውነትን የሚያጠቃው የደም ሥር ብግነት፣ ማለትም ቫስኩላይትስ ነው። ይኸኛው በአንድ ትከሻ አይወሰንም፤ ነርቮችን አንድ በአንድ እየመታ ዛሬ የእጅ አንጓን፣ ነገ ደግሞ እግርን ያዝላል፤ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የቆዳ ሽፍታም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ፖሊአርቴራይትስ ኖዶሳ የተባለው ዓይነት ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል የጉበት ቫይረስ ምርመራ አይታለፍም። ሕክምናው ብግነትን በሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒትና እንደ አስፈላጊነቱ ከዚያ በበረቱ መድኃኒቶች ቶሎ መጀመር አለበት፤ ደም አጥቶ የሞተ የነርቭ ክር ወዲያው አይተካምና።

የፓርሰኔጅና ተርነር ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይሻሻላል፣ ምንም እንኳ ድካምና ሕመም ሳይለቃቸው የሚቆዩ ሰዎች ጥቂት ባይሆኑም። የተጎዳ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ጉዳቱ አንገት አጠገብ ከሆነ እድገቱ መዳፍ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል።