ኦኢኤም ኮንፊግ ምንድን ነው? ሥራውንስ ከባርኮድና ከኤምዲኤም ፖሊሲ ጋር እንዴት ይካፈላል?

ኦኢኤም ኮንፊግ የመሣሪያው አምራች አዘጋጅቶ በጎግል ፕሌይ የሚያወጣው መተግበሪያ ነው። ከአስተዳደር ሰርቨሩ፣ ማለትም ከኤምዲኤሙ፣ የተላከለትን ቅንብር ይቀበልና ተራው አንድሮይድ የማያውቃቸውን የመሣሪያውን ክፍሎች ያዛል። በመጋዘን፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታልና በዕቃ አድራሽ መኪና ላይ የሚውሉት ባለ ስካነር መሣሪያዎች እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሞልተዋቸዋል፦ በጎናቸው ያለው የስካን ቁልፍ፣ ንክኪውን ለጓንት የሚያስማማው ሁነታ፣ ዋይፋዩ ከአንዱ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ወደ ሌላው የሚሻገርበት ደንብ። ጎግል ለእነዚህ አንድ ወጥ ትእዛዝ ስላላወጣ እያንዳንዱ አምራች የየራሱን ሠርቷል። የዜብራው ኦኢኤም ኮንፊግ ኤምኤክስ የተባለውን የአምራቹን ውስጣዊ ሶፍትዌር ያዛል። ሳምሰንግ የራሱን ኖክስ ሰርቪስ ፕለጊን፣ ሃኒዌል ዩኢኤም ኮኔክት ይሉታል፤ ዳታሎጂክም የራሱ አለው።

መሠረቱ ማኔጅድ ኮንፊገሬሽን የሚባለው የአንድሮይድ ኢንተርፕራይዝ (አንድሮይድን በድርጅት ለማስተዳደር የተዘጋጀው ሥርዓት) አሠራር ነው። መተግበሪያው ሊስተካከሉ የሚችሉትን ነገሮች የሚዘረዝር የኤክስኤምኤል (በመለያ ምልክቶች የተደራጀ ጽሑፍ) ፋይል በውስጡ ይይዛል። ኤምዲኤሙ ዝርዝሩን ከጎግል ፕሌይ አንብቦ ለአስተዳዳሪው በቅጽ መልክ ያቀርባል፤ የተሞላው ቅጽ ወደ መሣሪያው ሲወርድ መተግበሪያው አንብቦ ያስፈጽማል። ይህ ከመምጣቱ በፊት አምራቹ አዲስ ቅንብር ባወጣ ቁጥር የኤምዲኤም ድርጅቱ በኮንሶሉ (በአስተዳዳሪው መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ እስኪያካትተው መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን አምራቹ መተግበሪያውን ሲያድስ አዲሱ መስመር በቅጹ ላይ በራሱ ይመጣል። ይህ ብቻ እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙ ድርጅት የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። «መሣሪያዎቻችንን በየትኛው መንገድ እናስተካክል?» ብሎ አንድ መልስ ይፈልጋል። ምርጫው ግን በየቅንብሩ መደረግ አለበት። ለእያንዳንዱ ቅንብር ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ መቼ መድረስ አለበት? ከደረሰ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?

ከመጀመሪያው ደቂቃ እንነሳ። ከካርቶን የወጣ መሣሪያ ኔትወርክ የለውም፤ ኦኢኤም ኮንፊግ ደግሞ ያለ ኔትወርክና ያለ ጎግል ፕሌይ አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዋይፋይ በሌላ መንገድ መግባት አለበት። አንድሮይድ 7 እና ከዚያ በላይ ባለው መሣሪያ ላይ የእንኳን ደህና መጡ ገጹን በአንድ ቦታ 6 ጊዜ ሲነኩት የኪውአር ኮድ ማንበቢያ ይከፈታል። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ማንበቢያው በውስጡ ስላለ ለእሱ ብሎ ከኢንተርኔት ማውረድ አያስፈልግም። ኮዱ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል፣ የኤምዲኤሙን መተግበሪያና የሚወርድበትን አድራሻ ይዟል። ይህ የሚሠራው ገና ባልተከፈተ ወይም ፋክተሪ ሪሴት በተደረገ (ሁሉም ጠፍቶ እንደ አዲስ በሆነ) መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ጉግል አካውንቱን አስገብቶ መጠቀም ከጀመረ በኋላ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ የድርጅቱ ለማድረግ እንደገና ማጽዳት ግድ ይላል።

የኪውአር ኮዱ ይዘት ግልጽ ጽሑፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ማንኛውም ስልክ በካሜራው አንብቦ የይለፍ ቃሉን ያወጣዋል። በዚህ ምክንያት ዋናው የሥራ ኔትወርክ በኮዱ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ለዝግጅት ብቻ የሚያገለግል፣ ከኤምዲኤሙና ከጎግል አገልግሎቶች በቀር ሌላ የማያስገባ ዋይፋይ ይከፈትለት። የመሣሪያው ሰዓትም ይታይ፦ ባትሪው አልቆ ለወራት የተቀመጠ መሣሪያ ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይዞ ይነሳና የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጡትን ሰርተፊኬቶች «ገና ሥራ ላይ አልዋሉም» ብሎ ይጥላቸዋል። ሰው ጥፋቱን ከሰርቨሩ ይፈልጋል፤ መፍትሔው ግን ቀኑን ማስተካከል ነው።

ከኪውአር ሌላ የአምራቹ የራሱ ባርኮድ አለ። ዜብራ ስቴጅናው በሚባለው ፕሮግራም ላይ የተዘጋጀውን ቅንብር በፒዲኤፍ417 (ብዙ መረጃ በሚይዝ የባርኮድ ዓይነት) አትሞ በመሣሪያው ስካነር ማስነበብ ይቻላል፤ የዳታሎጂኩ ስካን ቱ ዲፕሎይም ለዚሁ ነው። ይህ መንገድ ኔትወርክም ሆነ ጎግል ፕሌይ አይጠይቅም። የጎግል አገልግሎት ለሌለው መሣሪያ የመጀመሪያው አማራጭ ሲሆን፣ ዋይፋዩ ለተበላሸበት መሣሪያ ደግሞ መዳኛው ነው። ድካሙ የሰው እጅ መፈለጉ ነው። ማን አነበበው፣ ማን ዘለለው፣ ማን ያለፈውን ዓመት ወረቀት ተጠቀመ? ሰርቨሩ ይህን አያይም። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ መጋዘን ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ መሣሪያዎች የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ።

መሣሪያው በኤምዲኤሙ ከተመዘገበ በኋላ የአንድሮይድ የራሱ ፖሊሲ ይቅደም። የስክሪን መቆለፊያ፣ መተግበሪያ መጫን፣ መሣሪያውን በአንድ መተግበሪያ ላይ መቆለፍ፣ ሰርተፊኬት ማስገባት፣ እነዚህ በሁሉም አምራች መሣሪያ ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚሠሩ ነገ ሌላ ሞዴል ቢገዛ ሥራው አይፈርስም። እዚያ የማይገኘውን ኦኢኤም ኮንፊግ ይሸከም። በብጁ ኤክስኤምኤል በቀጥታ ወደ አምራቹ ሶፍትዌር መላክ ኤምዲኤሙ የሚደግፈው ከሆነ ይቻላል፤ የሚመከረው ግን ቅጹ ላይ ያልወጣ ቅንብር ሲያጋጥም ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ጽሑፉን የጻፈው ሰው ከሄደ በኋላ የሚያነበው አይገኝም።

የስካነሩ ቅንብር ለብቻው ማሰብን ይጠይቃል። በዜብራ መሣሪያ ላይ ዳታዌጅ የተባለው መተግበሪያ ለእያንዳንዱ የሥራ መተግበሪያ የየራሱን ፕሮፋይል (የስካነር ቅንብር ስብስብ) ይይዛል፤ መተግበሪያው ፊት ለፊት ሲመጣ ፕሮፋይሉም አብሮ ይቀየራል። እዚህ ላይ የሚፈለጉትን የባርኮድ ዓይነቶች ብቻ ከፍቶ ሌላውን መዝጋት ንባቡን ያፋጥናል፤ ስሕተትንም ይቀንሳል። በተለይ ኢንተርሊቭድ 2 ኦፍ 5 የሚባለው ዓይነት አደገኛ ነው፦ የስካነሩ መስመር ባርኮዱን በሰያፍ አቋርጦ ከፊሉን ብቻ ቢያነብ፣ ያ ከፊል እንደ ሙሉ ቁጥር ሊቆጠር ይችላል። 14 አኃዝ ያለው ኮድ አጥሮ ሲመዘገብ ማንም ወዲያው አያውቅም፤ የሚታወቀው ቆጠራው አልገጥም ሲል ነው። መድኃኒቱ የሚጠበቀውን ርዝመት በፕሮፋይሉ ላይ በትክክል መወሰን ነው። ይህ ፕሮፋይል ከሥራ መተግበሪያው ስሪት ጋር አብሮ ይሂድ እንጂ ከመሣሪያው አጠቃላይ ቅንብር ጋር አይቀላቀል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ አንድ ቅንብር አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው። የዩኤስቢ መዝጊያው በኤምዲኤሙ ፖሊሲ «ዝጋ»፣ በኦኢኤም ኮንፊግ «ክፈት»፣ በባርኮድ ደግሞ እንደገና «ዝጋ» ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው መጨረሻ የደረሰው ነው። መጨረሻ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ ደግሞ መሣሪያው ሲነሳ፣ ኔትወርክ ሲያገኝና መተግበሪያው ሲታደስ ይለያያል። ጠዋት የሚሠራ ከሰዓት የሚያስቸግር መሣሪያ ሲገኝ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ የአምራች ቅንብሮች ከቅጹ ስለተሰረዙ ብቻ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ካሜራውን ዘግተው በኋላ መስመሩን ቢያጠፉት ካሜራው እንደተዘጋ ይቀራል፤ መሣሪያው አዲስ ትእዛዝ አልደረሰውምና። ለመመለስ «ክፈት» የሚል ትእዛዝ በግልጽ መላክ ያስፈልጋል። በዜብራው ላይ ደግሞ ትእዛዞች በተራ የሚፈጸሙ እርምጃዎች ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ ራሱ የቅንብሩ አካል ነው፦ ፋይሉ ሳይወርድ ፋይሉን የሚጠቀመው እርምጃ ከቀደመ አይሳካም።

ቅደም ተከተል የማይታለፍበት ቦታ ዋይፋይ ነው። ከዝግጅቱ ኔትወርክ ወደ ሥራው ኔትወርክ ሲሻገሩ መጀመሪያ ሰርተፊኬቱ ይግባ፣ ቀጥሎ አዲሱ የዋይፋይ ፕሮፋይል፣ መሣሪያው በአዲሱ መገናኘቱ በኮንሶሉ ላይ ሲታይ ብቻ አሮጌው ይሰረዝ። መሣሪያውን በ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ እንዲሠራ ከመወሰን በፊትም በየማዕዘኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሽፋን መኖሩ ይለካ። አንድ የተሳሳተ የዋይፋይ ትእዛዝ ለ300 መሣሪያ ከተላከ፣ ማረሚያውን የሚቀበል መሣሪያ የለም። ስለዚህ በየሥራ ቦታው ኃላፊው ዘንድ ዋይፋዩን ወደ ዝግጅት ኔትወርኩ የሚመልስ ባርኮድ ታትሞ ይቀመጥ። ይህን ያዘጋጀ ድርጅት ጉዳቱን በሰዓታት ይጨርሳል፤ ያላዘጋጀ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይሰበስባል።

ኮንሶሉ «ተሳክቷል» ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅጹ መሣሪያው ደርሷል ማለቱ ነው፤ መፈጸሙን አይመሰክርም። ኦኢኤም ኮንፊግ መተግበሪያዎች የእያንዳንዱን ትእዛዝ ውጤት ወደ ኤምዲኤሙ መልሰው መላክ የሚችሉበት አሠራር አለ። ኤምዲኤም ሲመረጥ ያንን መልስ ለአስተዳዳሪው ያሳይ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሮጌ አንድሮይድ ላይ የማይደገፍ ቅንብር ዝም ብሎ የሚቀርበት አጋጣሚ ስላለ፣ ከእያንዳንዱ ሞዴልና ከእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስሪት ጥቂት መሣሪያዎች ላይ ሳይሞከር ለሁሉም አይላክ።

በመጨረሻ ስለ ማጽዳት። ፋክተሪ ሪሴት ሁሉን ያጠፋል፤ መሣሪያው ወደ ኪውአር ኮዱ ይመለሳል። ዜብራ ላይ ያለው ኢንተርፕራይዝ ሪሴት ግን ኢንተርፕራይዝ የተባለውን ፎልደር ሳይነካ ሌላውን ያጸዳል። እዚያ የተቀመጠ የቆየ ቅንብር ካለ ከጽዳቱ በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። መሣሪያው ለሌላ ክፍል ሲተላለፍ ወይም ሲሸጥ ፋክተሪ ሪሴቱ ይመረጥ፤ ከዚያም ከኤምዲኤሙና ካለ ከዜሮ ተች መዝገቡ (መሣሪያው ሲከፈት በራሱ በድርጅቱ እንዲመዘገብ ከሚያደርገው ዝርዝር) ላይ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ይሰረዝ፤ አለዚያ አዲሱ ባለቤት ሲከፍተው መሣሪያው በቀድሞው ድርጅት ስም ራሱን ያስመዘግባል።