የድሬዳዋን የጦርነት ታሪክ በእግር ሲጎበኙ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከለገሀር ባቡር ጣቢያ ተነስቶ የከዚራን ሠፈር አቋርጦ ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚወርደው የእግር ጉብኝት የፋሺስት ጣሊያንንና የሶማሊያን ወረራ በአንድ ማለዳ ያስቃኛል። በመንገዱ ላይ ከሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የአንዱን ሥራ ለሌላው የሚሰጡ ናቸው።

«ከዚራን የሠራው ጣሊያን ነው።» በዛፍ የተጠለሉት ቀጥ ያሉ መንገዶች ይህን ግምት ቢያመጡም፣ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ወደ ሐረር ሊወጣ የታሰበው ሐዲድ በተራራው ምክንያት በቆላው እንዲያልፍ ተደርጎ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ሲሆን፣ ከዚራንም የቀየሰው የፈረንሳዮቹ የምድር ባቡር ኩባንያ ነው። ከጅጅጋና ከሐረር የመጣው የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከአዲስ አበባ በባቡር ከተላከው ጦር ጋር ድሬዳዋ ላይ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲገናኝ፣ ሠፈሩ ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። የጣሊያንን አሻራ ማየት የሚሻ ጎብኚ ከከዚራ ይልቅ በወረራው ዘመን ወደተቋቋመው ሲሚንቶ ፋብሪካ ቢወሰድ ይሻላል።

«ድሬዳዋ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 27 ነው።» ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው፤ ድሬዳዋ ግን መጋቢት 20 ቀን፣ ከአንድ ወር በላይ ቀድማ፣ ከጣሊያን እጅ ወጥታለች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በጎጃም ግንባር ስለነበሩ፣ በ1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ባለፉበት ባቡር ተመልሰው ከተማዋን ነፃ አወጡ የሚለው ትረካም አያስኬድም። የእንግሊዝ ጦር ይመጣ የነበረው ከኬንያ በመቋዲሾና በጅጅጋ በኩል ነበር፤ በካራማራ ተራሮች መካከል ያለውን የማርዳ በር ያስከፈቱትና መጋቢት 17 ቀን ሐረር የገቡት በአብዛኛው የናይጄሪያ ወታደሮች ሲሆኑ፣ ድሬዳዋን የያዘው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው። ስለ ናይጄሪያውያኑ የሚያነሳ አስጎብኚ እምብዛም አለመኖሩ ያሳዝናል። መጋቢት 20፣ ሐረር በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችበት ዕለት አምስተኛ ዓመትም ነበር።

«በ1969 ድሬዳዋን ያዳናት የኩባ ጦር ነው።» ከሁሉም የሚበረታው ስህተት ይህ ነው። የሶማሊያ ጦር በነሐሴ 1969 ዓ.ም. አጋማሽ በታንክና በመድፍ ታግዞ ሲያጠቃ፣ እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው አካባቢ ሲደርስና አውሮፕላን ማረፊያውን ሲያስፈራራ፣ የኩባ ተዋጊ ጦር ገና ኢትዮጵያ አልገባም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያውና የታንክ መጠገኛው ቢወድቁ የምሥራቁ ግንባር በሙሉ ይናጋ ስለነበር፣ ለሶማሊያም ሆነ ለኢትዮጵያ ድሬዳዋ ከአንድ የባቡር ከተማ የበለጠ ዋጋ ነበራት። የባቡር ሐዲዱ ደግሞ ቀድሞውኑ ተቆርጦ ነበር። ጥቃቱን የመለሱት የኢትዮጵያ እግረኛና ሚሊሺያ ከአየር ኃይሉ ኤፍ 5 ጄቶች ጋር ተባብረው ነው። ኩባውያን በብዛት የደረሱት ከወራት በኋላ ሲሆን፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነፃ ስትወጣ ያደረጉት ተጋድሎ ግን በእውነት የሚመሰገን ነው። ሁለቱን ውጊያዎች መቀላቀል ኩባውያንን አያከብርም፤ በነሐሴ የወደቁትን ደግሞ ያስረሳል።

«ሐረርም ተይዛ ነበር።» አልተያዘችም። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የወደቀችው ጅጅጋ ናት፤ ሐረር በከበባ ውስጥ ሆና፣ ውጊያው እስከ ዳርቻዋ ደርሶም፣ እስከ መጨረሻው በኢትዮጵያ ጦር እጅ ቆይታለች።